ስድስት ሜትር ታንከር፣ ሰባት ሜትር ውሃ

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ከደስታ ብዛት እየቸኮልኩ ስለምጽፍ ጽሕፈቴን ታገሺኝ። አባዬ የኔን ደብዳቤ እንደማይነካ አውቃለሁ። እሱ ባለበት ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ያልሰማ መስሎ ይሰማል።

የኔ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከውሃ ጣቢያው በጡረታ ካስወጣው ሦስት ወሩ። እሱ የውሃ ታንከሩን አንኳኩቶ ከፍታውን ይናገር ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ የገባውን ውሃ ከቆጣሪው ወስዶ ከፍታውን ያሰላል። ጆሮ የሌለው ነገር ምን ሊሰማ ነው ብሎ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላናገረኝም። በርሜሉንም ቁምሳጥኑንም እያንኳኳ አሳበደኝ ያልሽውን አንብቤ ስቄም አዝኜም ነበር።

ቆጣሪው እስኪገጠም ሦስት ወር ፈጅቶ ፕሮግራሙ ሥራ የጀመረው ማክሰኞ ነው። ቆጣሪው መቶ ሜትር ኩብ አለ። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ሰባት ሜትር ከአሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር! ታንከሩ እኮ ኳስ ነው፤ ቁመቱ ስድስት ሜትር። የፓምፕ ሠራተኛው ትርፉን ውሃ ማን ተሸክሞት ነው ብሎ ሳቀብኝ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም፤ እስከ ምሳ ካላስተካከልሽው ፕሮግራምሽን ይዘሽ ውጪ አለኝ።

ስሌቱ የኒውተን ዘዴ ነው። ከአንድ ግምት ይነሣል፣ እያረመ እያረመ መልስ ላይ ያርፋል። መልሱ ግን ከአንድ በላይ ነው፤ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው መነሻው ነው። እኔ ከታች፣ ከአሥር ሳንቲ ሜትር ስላስነሣሁት ተስፈንጥሮ ከታንከሩ ውጭ ያለውን መልስ ያዘ።

መሰላሉን ወጣሁ። አባዬ በልጅነቴ እንዳሳየኝ በጣቴ አንጓ እያንኳኳሁ። አሥራ አምስተኛው እርከን ላይ ድምፁ ተለወጠ፤ አራት ሜትር ተኩል ግድም። ወርጄ ያንን መነሻ አድርጌ ለኮምፒዩተሩ ሰጠሁት። መጀመሪያ 4.72፣ ቀጥሎ 4.73፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም! እማዬ፣ ጮህኩ! ሥራ አስኪያጁ በዘንግ አስለካው፤ ልክ ነው።

በየቀኑ መነሻውን ማን ይነግረናል ሲለኝ አንድ ሰው አውቃለሁ አልኩት። እንግዲያው አባትሽ ከሰኞ ጀምሮ ይምጡ አለ። አባዬ ቢኮራ እንዳትለምኚው፤ ሰዓቱን ብቻ ንገሪው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት።

ይህችን ለብቻሽ አንብቢያት። ትናንት ስሌቱን ከሦስት ሜትር፣ ከታንከሩ ወገብ አስነሣሁት። ታንከሩ ሙሉም ይሁን ጎዶሎ፣ ሁሌም ልክ ይመጣል፤ ማንኳኳትም አያስፈልግም። የሚለወጠው አንድ ቁጥር ነው። ግን ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል፤ ያንን ቁጥር የምነካበት ጊዜ የማገኝ አይመስለኝም።

ዕድሜና ጤና አይለያችሁ።

ልጅሽ