በሦስት ስም የሰጠሁት ደም

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለሐጂራ፤
ጂዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ያ የሰው ቤት ደረጃ ያመጣብሽ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ቀስፎ ይይዝሻል? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? የምታሳድጊያቸው መንትዮች እንዴት ናቸው? የማዳምሽ ጠባይ ተሻሻለ ወይስ እንደ አምናው ነው? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ መምህራችን ጸጋ ያስተማረችን እንደዚያ ነው። ያን መስመር ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። ስርዙን አይተሽ ጠሃ ገና አልበሰለም እንዳትዪ።

አዎ፣ የራሴ እጅ ነው! ማንም አልጻፈልኝም። ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ቤት ተከራይቼ፣ ቀን የቡና ጆንያ እየተሸከምኩ በማታው ክፍል ስማር ሃያ ስምንት ሰዎች ነበርን፤ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ የወጡት አባባ ከፈለ ዓይናቸውን ሞራ ባይጋርዳቸው ኖሮ ይበልጡት ነበር የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አትስሚያቸው። ግን በስልክ ድምፅ መላኩን ትቼ የጻፍኩት ለጉራ ብቻ አይደለም። ድምፅ ስቀርጽ እናታችን አጠገቤ ትሆናለች፤ ይህ ደግሞ እሷ መስማት የሌለባት ነገር ነው። ስለዚህ ለዑምራ ለሚመጣው ለአጎታችን ልጅ ለመሐሙድ፣ ከእጅሽ ላይ እንዲያኖረው አደራ ሰጥቼዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩን አላንዛዛውም። ደሜ ታሟል፤ የደም ካንሰር ነው ብለውኛል። ካንቺ የምለምነው ነገር አለ፤ ግን እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ሳልነግርሽ ብለምንሽ ነውር ነው።

ዶክተር ማሂራ የሚባሉ ሴት አሉ። የጅማ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ተማሪ ሳሉ የክፍል ጓደኛቸው ድዷ እየደማ፣ ገላዋ እየበለዘ በሦስት ሳምንት አለቀች። ቤተሰቧ ዓይን በላት አለ፣ ጎረቤቱ ሳንባ ነው አለ፤ የበሽታውን ስም የሚያውቅ አልነበረም። እሳቸው ያን ስም ፍለጋ ወጡ። ሕክምና ተማሩ፣ ባሕር ተሻገሩ፣ ተመለሱ፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ደም ሲመረምሩ ኖሩ። ሲያስረዱኝ በደማችን ውስጥ ነጫጭ ዘበኞች አሉ አሉኝ። አንዳንዱ ሰው ላይ ዘበኞቹ ያለ ልክ ይራባሉ፤ ግቢውን የማይሠራ ዘበኛ ሞልቶት ባለቤቱ መቆሚያ ያጣል። ሌላው ሰው ላይ ደግሞ ዘበኞቹ ባለቤቱን ሌባ ነው ብለው ይደበድቡታል። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ሥር አላቸው ወይ የሚለው ነው ዕድሜያቸውን የጨረሰው። እኔም የኔ ዘበኞች እንኳን ሌባ ጅብ አያስገቡም አልኳቸው፤ ከልባቸው ሳቁ። ያ ሳቅ አሁን ትዝ ሲለኝ ይቀፈኛል።

ካቻምና ወደኛው ቀበሌ ወደ የቡ መጡ። ቡና ላይ ውለው ከሚያድሩ ጤነኞች የሁለት መቶ ሰው ደም ወስደው ከበሽተኞቹ ደም ጋር ሊያስተያዩ ነበር። አገሬውን የሚያውቅ፣ ኦሮምኛም አማርኛም የሚያቀላጥፍ፣ ስም የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ ማን ይገኛል? እኔ ነኛ! ሥራዬ ሰውን ማሳመን፣ ከዚያ ስሙን በመዝገቡና በብልቃጡ ላይ መጻፍ ነበር። ሁለት መቶውን ካልሞላሁ ስሜን ቀይሩት ብዬ ፎክሬ ገባሁ።

ሰው ግን መርፌ ሲያይ ይሸሻል። ለምኜም፣ አስቄም፣ አኩርፌም መቶ ዘጠና ስምንት ሞላሁ፤ ሁለት ጎደለኝ። ተመዝግበው ደም ያልሰጡት ሁለቱ የኛው ሰዎች ነበሩ፣ አጥር የሚያዋስነን ጀቤሳና ኳስ አብሮኝ እየተጫወተ ያደገው ኡመይር። ጀቤሳ “አቦ፣ ስሜን ውሰድ ደሜን ተው” አለኝ። ኡመይር ደግሞ “አንተ እንደ ኮርማ ደም የሞላህ ሰው፣ የኔን ምን ያደርግልሃል? ከራስህ ቅዳና ጨርስ” አለ። ጉራዬን ነካው፣ ሐጂራ። ያ ነው ጥፋቴ። ነርሶቹ በየሳምንቱ ከከተማ የሚመጡ ሌላ ሌላ ሴቶች ነበሩ፤ ፊቴን የምታውቅ የለችም። መጀመሪያ በስሜ የሰጠሁትን ክንድ በሚቀጥለው ሳምንት በጀቤሳ ስም፣ በሦስተኛው በኡመይር ስም ዘረጋሁት። በብልቃጦቹ ላይ በምርጥ ጽሕፈቴ ጻፍኩ። የመጨረሻዋ ነርስ “ጽሕፈትህ ሲያምር፣ ኡመይር” አለችኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ኮራሁባት።

ብልቃጦቹ በበረዶ ተቀምጠው ከረሙ። ዘንድሮ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ ዶክተር ማሂራ ያለ ቀጠሮ መጡ። ከመኪና ሳይወርዱ “ብቻህን ነህ?” አሉኝ። ከሁለት መቶው ሰው ሦስቱ ላይ አንድ ዓይነት የደም ካንሰር ምልክት ተገኝቷል። ሦስቱም የአንድ ቀበሌ ወንዶች፣ ሦስቱም የአንድ ሰፈር። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ አላየሁም አሉ። ውኃው ይሁን፣ የሚረጨው መድኃኒት ይሁን፣ ከዚህ መሬት የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ በትልቅ የሐኪሞች ጉባኤ ሊናገሩት ነው። ደስታ ይሁን ድንጋጤ የያዛቸው አልለየሁትም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ጠሃ፣ አንደኛው አንተ ነህ፤ አትደንግጥ፣ ክኒን አለው። ሁለቱን ይዘህልኝ ና” አሉና ወረቀቱን ሰጡኝ። የኔ ስም፣ የጀቤሳ ስም፣ የኡመይር ስም። ማንበብ መቻሌን የጠላሁት ያን ቀን ነው።

ጀቤሳ ቡና እያሰጣ፣ ኡመይር ገለባ እየለቀመለት አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። ኡመይር ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ “ሳልወጋ ታመምኩ በለኛ! ማሻአላህ፣ ሐኪም ማለት እንዲህ ነው!” አለ። ጀቤሳም ተቀበለውና “እኛስ ደህና ነን፣ አንተ ነህ ሦስቴ የታመምከው!” አለኝ። ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ። ጀቤሳ በእጁ የያዘውን እፍኝ ቡና ቀስ አድርጎ መልሶ ማስጫው አልጋ ላይ አፈሰሰው። ኡመይር ፊቴን ማየት አቃተው። “ወላሂ ቀልዴን ነው” አለ፣ የተናገረው ጀቤሳ ሆኖ ሳለ። እኔም የምመልሰው ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። እኔ ጠሃ ቀልድ አጣሁ!

ለካ ሰውነቴ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ከረመዳን ፍቺ ወዲህ የግራ ጎኔ ከጎድን አጥንቴ በታች ድንጋይ እንደዋጠ ሰው ጠንክሮ ነበር። እኔ ለመንገደኛው ሁሉ “ንኩት፣ የደላው ሰው ሆድ እንዲህ ነው” እያልኩ አስነካለሁ። ክንዴ ግን እየቀጠነ፣ እጅጌዬ እየሰፋኝ ነበር። አላየሁትም፣ ወይም አይቼ ጎኔን ብቻ አሳየሁ።

ከዚያ ወር ሙሉ ዝም አልኩ። ጀቤሳና ኡመይር ሥራ በዝቶባቸው ነው፣ ዛሬ ነገ ይመጣሉ እያልኩ ዶክተሯን አዘገየሁ። እሳቸው በመካከሉ ሰው ልከው ከምንጫችን ውኃ በጠርሙስ አስቀዱ። ያን ሰፈሩ አየ። በማግስቱ ከምንጩ የሚቀዳ ጠፋ። ሴቱ ሁሉ ጀሪካን ይዞ እስከ ወንዙ መውረድ ጀመረ፤ እናታችንም በዚያ ጉልበቷ አብራ ወረደች። ምን አለበት ብዬ ብጠይቃት “የሦስት ሰው ደም ያበላሸ ውኃ ነው አሉ፤ አንተም እንዳትጠጣ” አለችኝ። ሦስቱ እነማን እንደሆኑ አልሰማችም። ጀሪካኗን ተቀብያት ገባሁና በነጋታው ጅማ ሄድኩ።

የዶክተሯ ቢሮ ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው ሰፈር በኩል ነው። ገና ሳልቀመጥ “ሦስቱም እኔ ነኝ” አልኳቸው። “ጠሃ፣ ዛሬ ቀልዱ ይቅር” አሉ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው። ሲገባቸው አየሁ፤ ከዓይናቸው ነው የጀመረው። እስክሪብቶ አነሱና ሁለቱን ስም ሰረዙ። ቀና ብለው “ሌሎቹስ?” አሉኝ። በአላህ ስም ምዬ ሌሎቹ የየራሳቸው ናቸው አልኩ። “እኔ አምንህ ይሆናል። ጉባኤው ግን ያንተን መሐላ አይቀበልም” አሉና የሁለት መቶውን ሰው መዝገብ ዘጉት። የሁለት ዓመት ሥራ ነው። በታኅሣሥ የሚናገሩት የላቸውም። አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት ራሳቸው ቀድተው መረመሩኝ። በካቻምናው ብልቃጥ ውስጥ በሽታው ገና በዳዴ ነበር፤ አሁን ቆሞ እየሮጠ ነው አሉ። ክኒኑን ጀምሬያለሁ። ሊይዘው ይችላል፣ ላይዘውም ይችላል። ካልያዘው የሚቀረው የእህት ወይም የወንድም የአጥንት መቅኔ ነው፤ እሱም እዚህ አይሠራም፣ ውጭ አገር ነው። በእናትም በአባትም የምትገናኘው ማን አለህ አሉኝ። አንዲት እህት አልኩ። ከአራት ወንድምና እህት አንዱ ቢገጥም ነው አሉ። እናታችን የወለደችው አራት ነው፤ ሁለቱን በሕፃንነታቸው ቀብራለች። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ።

የምለምንሽ ይህን ነው። ነይ አላልኩም፤ ፓስፖርትሽ በማን እጅ እንዳለ አውቃለሁ። እዚያው ሐኪም ቤት ሄደሽ ደምሽ ከኔ ጋር ይገጥም እንደሆነ አስመርምሪ። ዶክተር ማሂራ ለሐኪሙ የጻፉት ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። የስም ቦታው ባዶ ነው፤ ራስሽ ሙዪው፣ እኔ እንዳልነካው ከልክለውኛል። ውጤቱን ለመሐሙድ ስጪው፤ አሥራ አምስት ቀን ነው የሚቆየው። ፈርተሽ ሳትመረመሪ ብትቀሪም አልቀየምሽም፤ እኔም መርፌ የፈራ ሰው አይቼ አውቃለሁ። ብቻ አልሆነም ብለሽ ላኪልኝ፤ ዝም አትበዪ።

አብራሽ ለምትኖረው ለአይሻ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። መንትዮቹን ሳሚልኝ። ማዳምሽንም ሰላም በዪልኝ፤ ለፈቃድ ስለምትፈልጊያት አሳምረሽ በዪልኝ። ጀቤሳ ሰላም ብሎሻል፤ ከዚያ ከቀልዱ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ውኃ እየቀዳ ደጃችን ላይ ያስቀምጣል፣ ሳያናግረኝ ይሄዳል። ኡመይርም ሰላም ብሎሻል።

እናታችን በብዙ ናፍቆት ሰላም ብላሻለች። አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ስለ ትምህርቴ የምጽፍልሽ ነው የሚመስላት። “የኔን ሰላምታ የቱ ላይ ጻፍከው? አሳየኝ” አለችኝ። ጣቷን ይዤ እዚህ መስመር ላይ አኖርኩላት።

ወንድምሽ ጠሃ
የቡ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.