የእናትሽ ስልክ ወራሽ

ለልጄ ለትዕግሥት፣ ሻርጃ።

ብዕሩን የያዘችው የጎረቤታችን የነሲማ ልጅ መምህርት ዓቢር ናት፤ ቃሉ ግን የኔ የአባትሽ የኃይለመስቀል ነው። ስለ እናቷ የምለውን ሳታለሳልስ እንድትጽፍ ቃል አስገብቻታለሁ። በስልክ ብነግርሽ ታቋርጪኛለሽ፤ ወረቀት አያቋርጥም።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ሙቀቱስ በረደላችሁ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ የሐኪም ጋራን ዳገት ዛሬም ያለ ከዘራ እወጣለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ። እናትሽ ለተማርያም ካረፈች ሰባት ወር ሆነ። አምና ስትመጪ፣ ስትሞት የስልኳን አካውንት ማን እንደሚከፍት ጠይቀሻት ነሲማ ብትልሽ፣ እዚያው ስልኩ ላይ ነሲማን አስመዘገብሽ። ለኔ ትንፍሽ አላልሽም። አርባ ሁለት ዓመት አንድ ትራስ ላይ ያደርኩት እኔ፤ ፎቶዋና ድምፅዋ ግን የጎረቤት።

እኔም ዝም አላልኩም። በእድራችን መዝገብ ስሟ ከስሜ ሥር ነውና፣ የእሷ የሆነ ሁሉ የኔ ነው ብዬ የእድሩን ዳኛ እንደሻውን ይዤ ነሲማ ቤት ሄድኩ። እሱ ግን እድር የሚያውቀው ድንኳንና ቀብር ነው፣ ስልክ አያውቅም ብሎ አሳፈረኝ። ይኸው አሁን በፈረስ መጋላ አደባባይ ሳልፍ የስልክ ወራሹ መጣ ይሉኛል።

ያን ዕለት ነሲማ ግን አልሳቀችብኝም። «ወላሂ ጋሽ ኃይሌ፣ እሱ ማንበብ አይችልም፣ ገመናዬን ላገኘው ሁሉ ያስነብባል ብላ ነው» አለችኝ። እውነት ነው።

ከዚያ ከእናትሽ ስልክ፣ ለሷ ከተላከው አንዱን ድምፅ ከፈተችልኝ። እናትሽ ናት። «ነሲማዬ፣ ሽማግሌው ዛሬም ፊቱን እንደ ከረጢት ቋጥሮታል» ብላ ትስቃለች። በኔ ፊት እንዲያ ስቃ አታውቅም። ሦስቴ አስደገምኩ። ነሲማ ስልኩን ውሰደው ብትለኝ እንቢ አልኩ፤ ሟች ለሰው የሰጠችውን አልነጥቅም። ቅናቴ ግን አልወጣልኝም፤ የሚወጣም አይመስለኝ።

እንግዲህ አንድ ነገር አዝሻለሁ። የኔንም ስልክ፣ ለአንቺ የላክሁትን ድምፅ ሁሉ፣ ስሞት በነሲማ እጅ እንዲሆን አስመዝግቢ። ለራስሽ እንደምትፈልጊው አውቃለሁ። እናትሽ ያለችው ግን እዚህ ነሲማ ዘንድ ነው፤ እኔ ብቻዬን ሻርጃ ምን እሠራለሁ?

ባለቤትሽን ታደሰን፣ ሥራው ይቅናው፣ ሰላም በዪልኝ። የልጅ ልጄን ዮሲን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሚልኝ፤ አማርኛውን እንዳይረሳ።

ሐረር፣ ፈላና በር
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

በይ ዓቢር፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ።