የተቃጠለው የስሞች ደብተር

ሰኞ፣ ጥቅምት 15፣ የቂርቆስ ዕለት

እህቴ አስካለ ደብተሬን አቃጠለችው። የሰባት ዓመት ሥራዬን። እኔ በሌለሁበት፣ ሳትጠይቀኝ።

ከቅዳሴ በኋላ በሬ ወደሚታረድበት ሄጄ ነበር፤ ሽንፍላው ስንት ቅጠል እንዳለው ልቆጥር። ስመለስ የቆዳ ሽፋኑን ምድጃው ውስጥ ተኮራምቶ አየሁት። መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን አደረግሽ?»

«ደብተሩ ከሚተርፍ እርስዎ ይትረፉ፣ ጋሼ።» ይህንን ያለችው ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው።

የሰው አካል ከራስ ቅል እስከ ተረከዝ እዚያ ውስጥ ነበር። የከብት ሆድ ዕቃም። የዛፍ ሥር፣ ግንድ፣ ቅርፊት፣ ቀንበጥ፣ እምቡጥ። ማንም አላስተማረኝም። አራጁንም ገበሬውንም አዋላጇንም እየጠየቅሁ የሰበሰብኩት ነው። የቀይ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈለ ነው። ለእነዚያ ትንንሽ ክፍሎች ስም ስላጣሁላቸው ባዶ ቦታ ትቼላቸው ነበር። ባዶው ቦታም ተቃጠለ።

እራት አልበላሁም።

ማክሰኞ 16

ከማስታውሰው ጀመርኩ። ጉበት፣ ጣፊያ፣ ኩላሊት፣ ሳንባ፣ ሐሞት። በቅሎ ሐሞት የላትም፤ ሞታ ስትከፈት በዓይኔ አይቻለሁ፣ የሚስቅ ይሳቅ። እስከ ቀትር ስድስት ገጽ። ከዚያ ቆመብኝ። ከጉልበት በስተኋላ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ምን ይባል ነበር? የነገረችኝ አዋላጅ ሞታለች።

እንደ ልማዴ በየገጹ ራስ ላይ «በስመ አብ» በቀይ ቀለም ጻፍኩ። አባቶች መጽሐፍ የሚጀምሩት እንዲህ ነው። ስለ ጉበት የሚጻፍ መጽሐፍ ከሌላው አያንስም። አስካለ አየችው።

«ደግሞ ቀይ?» አለች።

«ደግሞ ቀይ።»

የቀለሙን ቀንድ በክርኗ ገፍታ ደፋችው። በክርኗ! ምን ዓይነት ንቀት ነው?

ሊጡንም ጎረቤታችን ድንቄ ናት ያቦካችላት። አኩርፋ መሆኑ ነው። ማኩረፍ የሚገባኝ እኔ!

ረቡዕ 17

ጾም። አልተነጋገርንም። ጣሊያኖች ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው ይላሉ። እኔ ቤት ምን ያገኛሉ? መሣሪያ የለኝ።

ሐሙስ 18

ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

ጠዋት ድንቄ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «እርስዎ ሰውዬ፣ ዓይን የለዎትም እንዴ?» አለችኝ። ለካ ሰኞ ዕለት ሁለት ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ ወደ ቤቴ መጥተው ኖሯል። ድንቄ እሳት ልትጭር መጥታ እዚያው ነበረች። ሰዎቹ ገና ጎረቤት ሳሉ አስተርጓሚው «በቀይ ክታብ የሚጽፍ ሽማግሌ የቱ ጋ ነው ያለው?» ሲል እሷም አስካለም ሰሙት።

ክታብ! የእኔ የአካል ስሞች!

በቀይ በስመ አብ፣ ከሥሩ የሰው ሥዕል፣ ከዚያ የቅጠልና የሥር ዝርዝር። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ሌላ ምን ይመስላል? አስካለ ቀዩን ተው ስትለኝ ዓመት አልፏታል። ጣሊያኖቹ ክታብ የሚጽፍን ሁሉ ሕዝቡን ያነሣሣብናል ብለው ይይዛሉ፤ ባለፈው ሰሞን አንድ ደብተራ በሁለት ቅጠል ክታብ ተወስዶ አልተመለሰም። ይህን አውቅ ነበር። ከእኔ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

ደብተሩ ወፍራም ነውና እሳቱ ቶሎ አልያዘውም። በሩ ሲንኳኳ አስካለ በባዶ እጇ ወደ ፍሙ ገፋችው፤ እስኪነድም ድረስ ተጭና ያዘችው። ከዚያ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«አሮጌ ቁርበት ነው።»

«ወንድምሽ ምን ይጽፋል?»

«እሱ? ሀን ከለ የማይለይ ደንቆሮ ምን ይጽፋል!»

ድንቄ ይህን ስትነግረኝ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ገብቼ «እጅሽን አምጪ» አልኳት።

«አሁን ገና እጅ እንዳለኝ ታወቀዎ?»

ጨርቁን ፈታሁት። መዳፏ ተልጧል። ጣቶቿ አብጠው ተጣብቀዋል። ቅቤ ቀብታው ነው የሰነበተችው። አንጓ፣ መዳፍ፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር፣ ጅማት፤ የእጅን ስም አንድም ሳላስቀር ጽፌ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እጇን አላየሁም።

ይህችንም ወረቀት ከጣራው ሣር ውስጥ እሸጉጣታለሁ።

ዓርብ 19

ቁስሉ ሸተተ። ሐኪም ቤት አይሆንም። «ምን አቃጠለሽ?» ብለው ይጠይቋታል።

እሬት የሚበቅልበትን የማውቀው ከላይ፣ ጣሊያኖቹ ለሹሞቻቸው ቤት በሚሠሩበት፣ አሁን ካዛንቺስ በሚሉት ዳገት ነው። ስደርስ ዳገቱ ተቆፍሯል። ባሕር ዛፉ ተጋድሟል። ብዙ ከፈለግሁ በኋላ አፈር ቁልል ላይ አንዲት እሬት ሥሯ ወደ ሰማይ ሆኖ አገኘሁ። ቅጠሏ ገና እርጥብ ነው።

አንዱ የቀን ሠራተኛ «አባባ፣ ለሙሽርነት ሊቀቡት ነው?» አለኝ። ጓደኞቹ አሽካኩ። በጋቢዬ ሸፍኜ ወረድኩ።

ቢጫውን መራራ ውሃ አንጠፍጥፌ፣ ውስጡን፣ ያንን የጠራውን፣ ቀባኋት። አለቀሰች። አስካለ ስታለቅስ ያየሁት እናታችን የሞተች ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ 20

ሽታው ቀነሰ! ሁለት ጊዜ አሸተትኩት።

በአጉሊ መነጽር አየሁት። ከቁስሉ ዳር ዳር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ አዲስ ቆዳ ወደ መሃል እየመጣ ነው። ማን አዘዘው? የት መቆም እንዳለበትስ በምን ያውቃል? ይህን ሁሉ ዓመት ስም ስሰበስብ እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለ አላወቅሁም።

«ምን ያያሉ?»

«ቆዳ ሲሠራ።»

«ይጻፉታ እንግዲህ! በቀይ!»

ጨርቁን መልሼ ጠቀለልኩላት።

እሑድ 21፣ ማርያም

አራቱ ጣቶቿ ታጠፉ። ትንሿ ጣት እምቢ ብላለች። ምናልባት ትመለስ ይሆናል፤ ምናልባትም እንዲሁ ትቀራለች። አላውቅም።

ማክሰኞ የጻፍኳቸውን ስድስት ገጾች እሳት ውስጥ ከተትኩ። ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ አላውቅበትም። ውሃውን ግን እኔ ቀዳሁ። ድንቄ አይታ አማተበች።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ የማውቀው ሰው «ያ ትልቁ መጽሐፍዎ የት ደረሰ?» አለኝ።

«የምን መጽሐፍ?» አልኩት።

ሰውየው ደነገጠ፤ የጃጀሁ መስሎት ይሆናል። ይምሰለው። አስካለ አጠገቤ ቆማ ሰምታለች፤ መሬት መሬት አየች። ስለዚያ ደብተር ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ሰው፣ ለእሷም ቢሆን፣ አንድ ቃል አልናገርም።