የእትዬ ዘውዴ ዋንዛ

ሰኞ፣ ግንቦት 2። ረፋድ ላይ

ጥጥና ዘይት። ዛሬም ጥጥና ዘይት። ጥጡን እየነከሩ በሳንቃና በሳንቃ መሀል መወተፍ፣ በመዶሻ ቀስ እያሉ ማስገባት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ጣቴ ሁሉ ቅባት ነው፤ እስክሪብቶው ያንሸራትተኛል። ማስታወሻዬ፣ ጽሕፈቴ ካላማረ ይቅር በለኝ።

ሙቀቱ አይጣል ነው። ከመካነ ሰላም ጋቢ ደርቤ ወጥቼ እዚህ ቆላው ላይ በካናቴራ እየሠራሁ ላቤ ይንጠባጠባል። ጀልባዋ በአሮጌው እህል መጋዘን ጥላ ሥር ተገልብጣ ተኝታለች። ቁልቁል ዓባይ። ማዶ ጎጃም። ውኃው ሲሞላ ሰው የሚሻገረው በዋናተኛ ነው፤ ባዶ ጀሪካን ደረቱ ላይ ታስሮለት፣ ዋናተኛው እየጎተተው። በየዓመቱ ወንዙ የሚያስቀረው አይጠፋም። የመንደሩ ሰዎች የጀልባ ኮሚቴ አቋቋሙ። የመን ዳርቻ ጀልባ ሲሠራ የኖረ እንድሪስ የሚባል አናጢ መካነ ሰላም አለ ሲባል ሰምተው መጡብኝ። ከተመለስኩ ወዲህ ሥራዬ በርና አልጋ ነው። ጀልባ ሲሉኝ ልቤ ዘለለ። አልዋሽህም።

እትዬ ዘውዴ እንዝርታቸውን ይዘው መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። እንጨቱ የእሳቸው ነው። አምና ነሐሴ ልጃቸውን ጌታቸውን ዓባይ ወሰደው። የጓሯቸውን ትልቅ ዋንዛ ለጀልባ ይሁን ብለው ሰጡ። መጋቢት ላይ ቆረጥነው። ብዙ አያወሩም። አልፎ አልፎ ይነሱና ሳንቃውን እንደ ከብት ጀርባ ዳበስ ያደርጉታል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 4። ከአሱር ሶላት በኋላ

አገኘሁት። ባላገኘው ይሻለኝ ነበር።

የጀልባዋ አከርካሪ ላይ ነው። በሆዷ በኩል ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ የሚሄደው ወፍራም እንጨት፣ ጎድኖቿ ሁሉ የሚያያዙበት። ከመሀሉ ትንሽ ወደ ጭራው፣ ቀጭን መስመር። መጀመሪያ ጥላ መሰለኝ። ጥፍሬን ሰደድኩ፤ ገባ። የቢላዋ ስለት ሰደድኩ፤ እሱም ገባ። እርጥቡ እንጨት በዚህ ሐሩር ሲደርቅ ተሰንጥቋል።

ለማንም አልተናገርኩም። ጆንያ ጣል አደረግኩበትና ሌላ ቦታ መወተፍ ቀጠልኩ። እትዬ ዘውዴ እጄን የሚያዩ ይመስለኛል። አያዩም ይሆናል።

የመን ሥራውን ያስተማረኝ ሙዓለም፣ የአናጢዎቹ አለቃ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት ያውቃል። ሊያልቅ በተቃረበ ጀልባ ላይ። መጥረቢያ አነሳና አከርካሪውን ፈለጠው። እኛ አበደ አልን። ግን እሱ በገዛ ግቢው ነበር። ጀልባው የራሱ። ማንም የምረቃ ቀን አልቆረጠለትም። እዚህ የቅዳሜ ሳምንት ምረቃ ነው፤ ከወረዳ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሰንጋ ተገዝቷል።

ለዘሀራ ደወልኩላት። ሚስቴ ናት፤ ለእሷ ካልተናገርኩ ለማን። ዝም በል አለችኝ። የጀልባ ደግና ክፉ ማን ለይቶ ያውቃል ብላ። ዓረብ አገር ድረስ ሄዶ የተማረው ይኼን ነው ይሉናል፣ ከእንግዲህ በር የሚያሠራህም አይኖር። እውነቷን ነው። ስልኩን ስዘጋ ቅር ብሎኛል፤ በእሷ ይሁን በራሴ አላውቅም።

ዓርብ፣ ግንቦት 6። ከጁምዓ መልስ

ነገርኩት። ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለአቶ ይማም።

ቀለም ይዞ ነበር የመጣው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የት የት እንደሚቀባ በጣቱ ሲያሳየኝ ጆንያውን አነሳሁና አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ ሬንጅ ሙላበት፣ በላዩ ብረት ምታበት አለኝ። ሬንጅ ውኃ ይከለክላል እንጂ አከርካሪ አይሆንም አልኩት። ከብዷት መሀል ውኃ ላይ ብትታጠፍ ለሁለት ትከፈላለች።

"እንድሪስ፣ ይኼ ባሕር አይደለም" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ወንዝ ነው። ደርሶ መልስ ነው። ሰው ስንት ጊዜ እናስጠብቅ?"

ቀለሙን ትቶልኝ ሄደ። ቆርቆሮዎቹ አጠገቤ ናቸው። አልከፈትኳቸውም። ምሳም አልበላሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 8። ማታ

ወሬው ቀድሞኛል። እንድሪስ ደረቁን እንጨት መካነ ሰላም ልኮ ሸጦ፣ እርጥቡን እዚህ ቸነከረው ተብሏል። ከሻይ ቤቷ ስገባ ሰዉ ጸጥ አለ። ማን እንዳስወራው አልጠየቅኩም። በስደት ሳለሁ ፖሊስ ይዞኝ ያውቃል፤ እንደዚያን ቀን ያለ ዝምታ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ አስጠሩኝ። ቄስ መኮንንና ሸህ ሁሴን አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዱዓ ተደረገ። ሰዉ ጀልባዋን ከበባት። ዋናተኛው ሽፈራው ጆንያውን አነሳና ካራውን ስንጥቁ ውስጥ ሰደደው። እስከ እጀታው ሊደርስ ምንም አልቀረው። ያጉረመርም የነበረው ሁሉ ጎንበስ እያለ አየ።

ያኔ እትዬ ዘውዴ ተነሱ።

"የኔ ዛፍ ነው የከዳው?" አሉኝ።

"አልከዳም እትዬ። እኛ ነን ጊዜ ያልሰጠነው" አልኳቸው።

ከዛፌ በቀር እንጨት አልነበረም፣ ምን ደረቅ ይሸጣል ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ሸህ ሁሴን አከርካሪው ይለወጥ አሉ፤ ቄስ መኮንን ይለወጥ አሉ። አቶ ይማም በምን እንጨት፣ ዝናብ ደረሰ እኮ፣ ብሎ ጥሎ ሄደ። ጥያቄው ልክ ነው። ያን ያህል የሚረዝም ደረቅ እንጨት በዚህ አገር የለም። ስሜ ነጻ ወጣ፤ ጀልባ ግን የለችም። ደስታ አላገኘሁበትም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

ዛሬ ያልጠበቅኩት ነገር።

ጠዋት አቶ ይማም መጣ። ሰላምታ የለም። ተከተለኝ አለ። ልንጣላ ነው ብዬ መዶሻዬን እንደያዝኩ ተከተልኩት። ዳገቱ ላይ ሰው የማይኖርበት አንድ ትልቅ የሣር ቤት አለ፤ የአባቱ ቤት ነው። ከፍቶ አስገባኝና ወደ ላይ አመለከተኝ። ጣራውን ከዳር እስከ ዳር የተሸከመ ወጥ የጥድ እንጨት። ጭስ የጠጣ፣ ጥቁር፣ የደረቀ። በመዶሻው አንኳኳሁት። እንደ ደወል ጮኸ።

ቤቱ ይፈርሳል አልኩት።

"አባቴ ለልጅ ልጅ ብሎ ነው የሠራው። ልጆቼ ሁሉም ዓረብ አገር ናቸው። ማን ይገባበታል?" አለኝ።

ሣሩን መንቀል የጀመረው ራሱ ነው። አቧራው ውስጥ ሲያስነጥስ ይሁን ሲያለቅስ፣ አልለየሁም። ከአራት ቀን በፊት ስጠላው የነበረ ሰው ነው፣ ማስታወሻዬ። ሰውን ምን ብዬ ልጻፍልህ።

ሰኞ፣ ግንቦት 16። ጠዋት

አልተኛሁም።

ጥዱ ገብቷል። ጎድኖቿን አንድ በአንድ አያያዝኩ፤ የቀረኝ የታችኛውን መወተፍና ሬንጅ ነበር። ቅዳሜ፣ የተቆረጠው የምረቃ ቀን፣ አለፈ። በላይ አገር ዝናብ ጥሏል። ዓባይ ቡናማ ሆኖ ግንድ ይዞ ይወርዳል።

ትናንት አንድ ሰው ሄደ። አቶ በላይ ይባላሉ፤ የጎጃም ሰው። እዚህ የተዳረች ልጃቸውን ትርንጎን ሊጠይቁ መጥተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው። ሽፈራው ውኃው ይጉደል ብሏቸው ነበር። እርሻ ደረሰብኝ ብለው ለመኑት። መሀል ላይ ግንድ መታቸው፣ ጀሪካኑ ተፈታ። ሽፈራው ወጣ። እሳቸው አልወጡም።

ጀልባዋ ቅዳሜ ብትወርድ ኖሮ። ይኼን በፊቴ የተናገረ የለም። መናገር አያስፈልግም፤ ጎንበስ ብዬ ስወትፍ ጀርባዬ ይሰማዋል። ብትወርድስ ኖሮ፣ ከነስንጥቋ፣ ስንት ሰው ጭና? አሰብኩት። ደጋግሜ አሰብኩት። ሒሳቡ ልክ ነው፤ አያስተኛም።

ሽፈራው ወንዝ ዳር ቁጭ እንዳለ ነው። እህል አልቀመሰም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 18። ጠዋት፣ ወንዝ ዳር

ትናንት ሬሳው ከታች፣ በእኛ በኩል፣ አለት ሥር ተገኘ። የማዶ ዘመዶች በስልክ፣ በአጥቢያችን ይቀበር፣ እባካችሁ አሻግሩልን አሉ። አቶ ይማም ወደኔ ዞረ። ሁሉም ዞረ። ትደርሳለች ወይ አለኝ። ትደርሳለች አልኩ።

ንጋት ላይ ሰዉ በትከሻው ተሸክሟት ገደሉን ወረደ። እስላሙ፣ ክርስቲያኑ፣ ሴቱ ገመድ ይዞ። ቀለም አልተቀባችም። ሰንጋው አልታረደም። ውኃ ላይ ስናኖራት በሳንቃዎቹ መሀል ጥቂት ውኃ አስገባች፤ እንጨቱ ጠጥቶ እስኪያብጥ፣ ፍሳሹ እስኪቆም ጠበቅን። ቆመ። ደረቀ።

ልሄድ ነው። እኔ ዋና አልችልም። ሆኖም የሠራ ሰው ሳይቀመጥባት ሌላ ሰው አይቀመጥም።

ያው ቀን። ከሰዓት

ተሻገርን። ሽፈራው እየቀዘፈ፣ ትርንጎ ከአባቷ ራስጌ፣ እኔ ጭራው ላይ ውኃ መጨለፊያ ቅል ይዤ። መሀል ላይ ወንዙ ጎኗን ያዘና አዞራት። እግሬ ከጥዱ ላይ ነበር። ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ አልታጠፈም። ሽፈራው ጥርሱን ነክሶ መለሳት።

ማዶ የአቶ በላይ ታናሽ ወንድም እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጠበቀን። ሬሳው ከወረደ በኋላ ትክ ብሎ አየኝ።

"ጀልባውን ያቆየኸው አንተ ነህ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። ምክንያቱን ልነግረው ነበር፤ ተውኩት።

ፊቱን አዞረ። ከዚያ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ አነሳና ሌላውን በአገጩ አመለከተኝ። "ያዝ" አለ።

ያዝኩ። ዳገቱን አብረን ወጣን።

ሐሙስ፣ ግንቦት 19። ጠዋት

ከንጋት ጀምሮ ዳሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። ገበያተኛ፣ ሕመምተኛ፣ ፍየል የያዘ። እየተገፋፉ እንሳፈር ይላሉ። አቶ ይማምም ከወረዳ ተደውሎለት ምረቃው በሚቀጥለው ሳምንት ይሁን፣ እንግዶቹ ሁሉ ባንድ ላይ ይጫኑ ይላል። አይሆንም አልኩት። ማሰሪያ ሰንሰለቷ በእኔ እጅ ይሆናል። የምትሸከመውን እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሲበዛ አልፈታም፣ ሚኒስትርም ቢመጣ። የሰንሰለቷን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

ስለዚህ ክረምቱን እዚሁ ነኝ። ዘሀራ ታኮርፋለች። ታለቅስም ይሆናል። ዛሬውኑ ደውዬ እነግራታለሁ፤ ከፈለገች ትውረድ፣ ካልፈለገች መስከረም እመጣለሁ። እንቅልፍ ገና አልመጣልኝም። የአቶ በላይ ስም በየሶላቴ ይመጣል።

ሽፈራው መቅዘፊያውን ይዞ ቆሟል። ትናንት ማታ ጥቂት እንጀራ በላ። እትዬ ዘውዴ ከሰልፉ ፊት ናቸው፤ ማዶ ምን ጉዳይ እንዳላቸው ብጠይቃቸው፣ ምንም፣ ማዶውን ላየው ነው አሉኝ። ሰንሰለቷን ልፈታላቸው ነው።