ናስር ከሰማይ የወረደ ዕለት

እታለም ዘይነብ፣

አላህ ይዘንልሽና፣ ከተለየሽን ሁለተኛው ሮመዳን አለፈ። ጓሮሽ ያለው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ። የሱቅሽን በር አረንጓዴ ቀባሁት፤ ጎረቤቱ ሁሉ አስቀያሚ ነው ይላል፣ አንቺም ብታዪው ትስቂብኝ ነበር። ይህን ሁሉ የማወራልሽ ዋናውን ነገር ለማዘግየት ነው። ናስር ቤት የለም።

አልጋ ላይ ሆነሽ፣ እጄን ይዘሽ፣ ልጅሽን ከዓይን እንድሰውርልሽ አደራ ያልሽኝን አልረሳሁም። ለውትድርና ወጣት ሲታፈስ ከወርክሾፔ ጀርባ ደብቄ አቆየሁት። የቡና መፈልፈያ ሞተር የሚጠግን አጎት ያለው ልጅ ሥራ አያጣም፤ ሳቁ ግን ጠፋ። እኔ የማላስቀው ሰው እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ የገዛ እህቴ ልጅ አኩርፎ ሲቀመጥ ማየት አላስቻለኝም። በአንድ አሮጌ የፈረንጅ መጽሔት ያየኋትን ጋይሮፕሌን እንሥራ አልኩት፤ አንድ ሰው የሚቀመጥባት፣ ከላይ የምትሽከረከር ክንፍ፣ ከኋላ ፕሮፔለር ያላት። ሞተሯ ከአሮጌ መኪና፣ አካሏ ከውኃ ቧንቧ። ስንጨርስ እንዴት እንደሳቀ ብታዪ አንቺም ትፈቅጂ ነበር፤ ወይም እንዲህ እያልኩ ራሴን አታልላለሁ።

ማለዳ ማለዳ ከኪቶ ፉርዲሳ ማዶ፣ ሰው በሌለበት መስክ ይለማመድ ነበር። በኩፖን የማገኘውን ቤንዚን የማጠራቅመው አንቺ ከሊሙ ማር ታመጪበት በነበረው ጀሪካን ነው። በፍል ውኃ አጥቤው ነበር፤ ሰሙ ግን ከሥሩ ተጣብቆ ቀርቶ ኖሯል። ቤንዚኑ አሟሟውና የዚያን ዕለት ካርቡሬተሩን ደፈነው። ናስር ዛፎቹን ተሻግሮ ሳለ ሞተሩ ጸጥ አለ። እኔ አለቀለት ብዬ ሸሃዳ ያዝኩ። እሱ ግን አፍንጫዋን ዝቅ አደረጋት፤ ክንፏን ነፋሱ እያዞረላት ወርዳ፣ የቀበሌው ሰው ለዘመቻ ሥራ በተሰበሰበበት የበቆሎ ማሳ መሐል አረፈች።

ያኔ ሮጬ እንደደረስኩ እጁን ጎትቼ ወደ ቤት ልወስደው ይገባኝ ነበር። ሰዉ በትከሻው ተሸክሞ ሲያጨበጭብለት ግን ልቤ አበጠ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ እያልኩ በመሐላቸው ተንጎራደድኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ፈገግ ብሎ ዕድሜው ስንት ነው አለኝ። ሃያ አንድ አልኩት፤ እኔው፣ በገዛ አፌ።

ሳምንት ሳይሞላ መጥተው ወሰዱት። ካሚዮኑ ላይ ሆኖ ሳለቅስ አየኝ። እንደ ልማዱ በኦሮምኛ አጎቴ ብሎ ጠራኝና፣ «ኤሱማ፣ ለእማ እንዳትነግራት» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ይኸው ነገርኩሽ። በየዓርቡ መቃብርሽ ላይ እየመጣሁ ዱዓ አደርጋለሁ፤ የአንቺንም የእሱንም ስም ሳልጠራ አልመለስም። ኢንሻአላህ ሲመጣ ደግሞ አብረን እንመጣለን። ያን ጊዜ ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚልኝ።