ደሜ ውስጥ የጠፋው መድኃኒት

ኅዳር 6፣ 1998

ጠዋት ሁለት ክፍለ ጊዜ ጂኦግራፊ አስተማርኩ። ማን ምን እንደጠየቀኝ አላስታውስም። ከሰዓት ሆስፒታል። የድብርት መድኃኒቱን ከጀመርኩ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። ለውጥ የለም። ዶክተር ሣህሉ በመድኃኒቱ ላይ ለሚያካሂደው ጥናት ደም አስቀዳኝ።

"ደምሽ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ ካወቅን፣ ይሻልሽ አይሻልሽ እንደሆነ ቀድመን እንገምታለን።"

አዲስ አበባ ይላካል አሉ። ይላኩት...

ኅዳር 27

ውጤቱ መጣ። ደሜ ውስጥ የተገኘው መድኃኒት ከምንም አይቆጠርም።

"ንግስት፣ በእውነት እየዋጥሽው ነው?" አለ ዶክተሩ።

"ማታ ማታ። አንድ ቀን አላቋረጥኩም።"

ከዚያ አብሮኝ የመጣውን ባሌን፣ ደበበን አየው።  ቤት ስንደርስ ደበበ ጀመረ። "የት ነው የምትጥይው? መዳን አትፈልጊም?"

አልተከራከርኩም። ክርክር ጉልበት ይፈልጋል።

ኅዳር 28

ክኒኑን ከዛሬ ጀምሮ የሚይዘው ደበበ ነው። ዋጥኩ። አፍሽን ክፈቺ... ከፈትኩ። ምላስሽን አንሺ... አነሳሁ።

ሊከፋኝ ይገባ ነበር? እንጃ።

ታኅሣሥ 9

ደበበ ለቡና ቁጥጥር ሥራው ደዶ ወረዳ ሄደ። እኔን ለጎረቤታችን ለዘሀራ አደራ ሰጥቷል። ውጬ አፌን ስከፍትላት ፊቷን አዞረች። በኦሮምኛም በአማርኛም ለመነችኝ።

"ዺሲ፣ ተይው እባክሽ። ዋጥኩ ካልሽ ውጠሻል።"

ከወጣች በኋላ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ታኅሣሥ 20

ደም በድጋሚ።

ጥር 10

ያው ነው። ዝቅተኛ። ዶክተሩ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው።

"ስትውጥ በዓይንህ አይተሃል?" አለው ደበበን።

"በየቀኑ። እኔ ባልኖር ሰው አድርጌ ነው።"

"እንግዲያው ሰውነቷ ነው። አንዳንድ ሰው ጉበቱ መድኃኒቱን ቶሎ ፈጭቶ ያስወጣዋል። አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት አይደለም። ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።" ወደ እኔ ዞረ። "ይቅርታ።"

ልቤንና ደሜን እየተከታተለ መጠኑን ቀስ በቀስ ሊጨምር ነው። ማታ ደበበ ክኒኑን እጄ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

የካቲት 16

በደሜ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ከሚፈለገው ደርሷል ተባልኩ። ትናንት ራት ላይ ደበበ፣ "እኔ እኮ ላንቺው ብዬ ነው" አለ። ጮህኩበት።

"ስድስት ሳምንት እንደ ገበያ በሬ አፌን አስከፈትከኝ። አንድ ቀን እንኳ 'እውነቷን ይሆናል' አላልክም?"

ዘሀራ ሳትሰማ አልቀረችም።  አለቀስኩ... ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያዬ።

ደበበ አንገቱን ደፋ። "አላልኩም" አለ። 

ዛሬ ቁርስ አቀረበልኝ። በላሁ። አላናገርኩትም። አኩርፌያለሁ... ኩርፊያ እንዲህ ነበር እንዴ? ረስቼው ኖሯል።