የብቻዬ ሳህን

ሰኞ
አፍና አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ዱቄት ነፋሁ። ሼፉ አይቶኝ «ባንክ ልትዘርፊ ነው እንዴ?» አለ። ሳቅሁለት። ምን ልበለው?

አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም በሽታዬን ሴሊያክ ብሎታል። አንጀቴ ስንዴና ገብስ አይችልም። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ አለመብላት ነው፤ የዱቄቱ ብናኝ እንኳ አይበጅሽም ብሎኛል። እኔ ደግሞ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ዳቦ ጋጋሪ ነኝ! ሌላ ሙያ የለኝም። ለማንም አልተናገርኩም። ስንዴ የማይስማማውን ጋጋሪ ማን ያሠራዋል?

ማክሰኞ
ተቅማጡ አልተወኝም። ቀሚሴ ከትከሻዬ እየተንሸራተተ ነው።

የተውኩት፦ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ጠላ። እንጀራ አለልኝ ብዬ ስጽናና ነበር። ዛሬ እንጀራ የሚሸጡልኝን እናት ጤፍ ብቻ መሆኑን ጠየቅኋቸው። «ጤፉን ብቻማ ማን ይችለዋል ልጄ? ገብስ ጣል አደርግበታለሁ፤ ያለሰልሰዋል» አሉኝ። ለካ መርዜን በገንዘቤ ስሸምት ኖሬያለሁ። አልተቆጣሁም። ለመቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል።

ረቡዕ
ምን ነካኝ!

አብራኝ ከምትጋግረው ከማርታ ጋር ምሳ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ሆቴሉ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲሁ ነን። ዛሬ ከቤት ሩዝ ይዤ መጣሁና ለብቻዬ ሳህን አወጣሁ። እሷም እንደ ልማዷ ጠቅልላ ወደ አፌ ስትዘረጋ እጇን ያዝኩት።

«ምነው፣ ተጸየፍሽኝ?»

«ኧረ በፍጹም! ለአንቺው ብዬ ነው» አልኳት።

ለእሷ ብዬ! ሰበብ ሲጠፋኝ አፌ ያመጣውን ተናገርኩ። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። መክሳቴን፣ ሽንት ቤት መመላለሴን፣ የለየሁትን ሳህን ደመረችው። ዘንድሮ ሰው እንዲህ ሲደምር የሚደርሰው ወደ አንድ በሽታ ነው።

ሐሙስ
የክልል ቢሮ ሰዎች ለግምገማ መጥተው ሆቴሉ ሞልቷል። ዳቦ፣ ዳቦ፣ አሁንም ዳቦ።

የሻይ ብርጭቆዬን አንድ ሰው ለይቶ መስኮቱ ላይ አስቀምጦልኛል። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው ቢሆንስ ብርጭቆ ይለይበታል? ተናደድኩ፤ ግን በዚያው ብርጭቆ ጠጣሁ። ማርታ ቀና ብላ አላየችኝም። ሼፉ ጥግ ወስዶ በሹክሹክታ «መድኃኒቱ አሁን በነፃ ነው፤ አትፍሪ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም።

እውነቱን ብናገር ከምድጃው እነሳለሁ። ዝም ብል ብቻዬን እቀራለሁ። ቢጨንቀኝ ሁለት ጊዜ ጨው የጨመርኩበት ሊጥ ተደፋ።

ዓርብ
ተናገርኩ። ሼፉና ማርታ ባሉበት፣ ለሥራ አስኪያጃችን ለጋሽ ደምሴ የሐኪሙን ወረቀት ሰጠኋቸው።

«ስንዴ? ስንዴ ሰው ያሳምማል?» አሉ። አሰብ አደረጉና «ጋጋሪዋ ከዳቦዋ አትቀምስም ከተባለ ደንበኛ ምን ይላል? በይ፣ ከሰኞ ጀምሮ ላውንደሪ ግቢ» አሉኝ።

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ለምን እንዳመሰገንኩ አላውቅም። ማርታ መሬት መሬት ታይ ነበር። እርሾ ከእጄ ጋር እንደሚነጋገር የማውቅ ሴት አንሶላ ላጥብ ነው። ታቦር ተራራ ድረስ በእግሬ ወጣሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ማልቀስ አልፈለግኩም።

ቅዳሜ
ምድጃው ዘንድ የመጨረሻ ቀኔ። ምሳ ሰዓት ሳህኔን ይዤ ጥጌ ተቀመጥኩ። ማርታ መጣች። ከእናቷ ቤት ያመጣችውን ቆጮና ጎመን ሳህኔ ላይ ገለበጠችው።

«ከእንሰት ነው። ስንዴ በአጠገቡ አላለፈም፤ እማዬን ሦስቴ ጠየቅኋት።»

ከሳህኔ ጠቀለለችና ዘረጋችልኝ። ጥፍሯ ሥር የጠዋቱ ሊጥ ደርቋል።

ልዋጠው አልኩ። ቢበዛ ነገን ሆዴን ይዤ ብውል ነው፤ እጇን ሁለተኛ ከምመልስ። አፌን ከፈትኩ። ግን ደከመኝ፤ መታመሙም መዋሸቱም ደከመኝ።

«ማርቲዬ፣ እጅሽ... ሊጥ አለበት።»

ጉርሻውንም ጥፍሯንም አየች። ከዚያ ራሷ ጎረሰችውና ተነሥታ ሄደች። በቃ አልኩ። አቀርቅሬ ሳህኔን ማየት ያዝኩ።

ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ። ስትፈትግ፣ ስትፈትግ ቆየች። ተመልሳ እንደ ተማሪ ጥፍሮቿን ዘርግታ አሳየችኝ።

«አሁንስ?»

እጇ ካልነካው በኩል እንደገና ጠቀለለችልኝ። ሳሙና ሳሙና ይላል። ጎረስኩት። ሁለተኛውንም ጎረስኩ።

አሁን ቤቴ ጋደም ብያለሁ። ሰኞ ላውንደሪ ነኝ። ሆዴ እስካሁን ዝም ብሏል።